ምራቂ፣ ነጥብና የትርፍ ድርሻ፦ የደንበኝነት ሽልማት በቤተሰብ ወጪ ውስጥ ያለው ዋጋ



የዛሬው ርእሴ ከትልልቆቹ የምጣኔ ሀብት ጥያቄዎች አንጻር ሲታይ ትንሽ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ዘይት፣ ሳሙናና ጤፍ የማይገዛ ቤተሰብ የለምና ጉዳዩ ሁላችንንም ይመለከታል። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ሻጭ ለደንበኛው የሚሰጠው ሽልማት በእርግጥ ስንት ያወጣል?

ያደግሁት በሶዶ ወረዳ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በቡኢ ከተማ ነው። እናቴ ከገበያ ሽንኩርት ወይም በርበሬ ስትገዛ፣ ልኬው ካበቃ በኋላ «እስቲ መርቂልኝ» ትላለች፤ ሻጯም አንድ እፍኝ ትጨምርላታለች። ይህ ጭማሪ ምራቂ ይባላል፤ ሽማግሌዎች ከሚሰጡት ምርቃት ጋር ሥሩ አንድ ነው። የሱቅ ዕቃ ግን እናቴ ለዓመታት የምትገዛው ከአንድ ባለሱቅ ብቻ ነበር።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለእረፍት ወደ ቤት ተመለስሁ። በዚያን ጊዜ አንድ ሌላ ሱቅ ከተወሰነ ብር በላይ ለሚገዛ ሰው የፕላስቲክ ባልዲ ይሰጥ ነበር። እኔም በተማርሁት ተኩራርቼ እናቴን ሱቅ እንድትቀይር አሳመንኋት። በሦስት ወር ውስጥ ሁለት ባልዲ አገኘን። ክረምት ሲገባ ግን አባቴ ታመመ፤ የቤቱ ገንዘብ ሁሉ ለሕክምና ወጣ። አዲሱ ሱቅ ዱቤ አይሰጥም። እናቴ ብዙ ካመነታች በኋላ ወደ ቀድሞው ባለሱቅ ሄደች። እርሱም አልከለከላትም፤ ነገር ግን ቀድሞ ይሰጣት ከነበረው ግማሹን ብቻ ሰጣት። እኔ ባልዲውን ቆጥሬ ዱቤውን ሳልቆጥር ቀርቼ ነበር። ከዚያ ክረምት ጀምሮ ይህን ጉዳይ ሳስብበት ኖሬአለሁ።

የደንበኝነት ሽልማትን በሦስት ከፍዬ ማየት እወዳለሁ።

የመጀመሪያው በመተዋወቅ ላይ የቆመው ነው፤ ምራቂና ዱቤ ከዚህ ይመደባሉ። መዝገቡ የባለሱቁ ትዝታ ነው። ትልቁ ጥቅሙም ከእፍኟ ጭማሪ ይልቅ በችግር ቀን የሚገኘው እምነት ነው።

ሁለተኛው የነጥብ ሽልማት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1896 የተጀመረው የአረንጓዴ ቴምብር አሠራር ገዢው ቴምብር አጠራቅሞ በዕቃ እንዲለውጥ ያስችል ነበር። በእኛ አገር የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሼባማይልስ የዚህ ዓይነት ነው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተከተለው ኤም-ፔሳም የሽልማትን ልማድ ወደ ዕለታዊ ክፍያ አምጥተውታል።

እዚህ ላይ ስሌት ያስፈልጋል። አንድ መደብር ለየ10 ብሩ አንድ ነጥብ ይሰጣል፣ 1,000 ነጥብ ደግሞ 100 ብር ያወጣል እንበል። 1,000 ነጥብ ለማግኘት 10,000 ብር ማውጣት ግድ ነው፤ ስለዚህ ሽልማቱ አንድ በመቶ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ያለው ሱቅ ያንኑ ዕቃ በሁለት በመቶ ቢያረክስ፣ ነጥብ አሳዳጁ ከስሯል። ነጥቡን ለመሙላት ብሎ የማያስፈልገውን የ300 ብር ዕቃ ከጨመረ፣ 100 ብር ለማግኘት 300 ብር ከፈለ ማለት ነው። በተጨማሪም ዋጋ በሚንርበት አገር ሳይመነዘር የሚቆይ ነጥብ በየወሩ ይመነምናል፤ እንደተገኘ ለዘይት ወይም ለአየር ሰዓት ማዋል ይሻላል።

ሦስተኛው የትርፍ ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች የሸማቾች ማኅበር አቋቁመው፣ ትርፉን ለአባላት በገዙት መጠን ማከፋፈል ጀመሩ። የአገራችን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም ከዚሁ ሐሳብ ጋር የተሳሰሩ ናቸው። እዚህ ገዢው ባለቤትም ስለሆነ የሚያገኘው ስጦታ ሳይሆን መብት ነው። መብት ግን ተከታታይ ይሻል፦ ግዢው በአባሉ ስም መመዝገቡን ማረጋገጥና ትርፉ በሚወሰንበት ጠቅላላ ጉባኤ መገኘት ያስፈልጋል።

ታዲያ የትኛውን እንምረጥ? ለዚህ መልሱን ያገኘሁት ከእናቶቻችን ነው። በጉራጌ የመስቀል ወጪ ከዓመት በፊት ይታወቃል፤ ሴቶች ለበዓሉ የሚሆነውን ቅቤ በጋራ ያጠራቅማሉ። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ይወሰናል፤ ከዚያ ይገዛል። ሽልማትም ጥቅም የሚሆነው እንዲህ አስቀድሞ በተወሰነ ግዢ ላይ ሲጨመር ብቻ ነው። ግዢውን ራሱ ሽልማቱ ከወሰነው ግን የተሸለመው ሻጩ ነው።

ስለዚህ ውድ ተማሪዎች፣ ለእረፍት ወደየቤታችሁ ስትመለሱ እናቶቻችሁን ሱቅ ቀይሩ ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ «ይህ ባለሱቅ በክፉ ቀን ምን አድርጎልናል?» መልሱን በስሌታችሁ ውስጥ አስገቡት። እኔ ሳላስገባው ቀርቼ ቤተሰቤ ዋጋ ከፍሎበታል።