ቮልስ ሲታደስ፦ ጎማውና የውስጥ ልብሱ

ከደሴ ተነስቶ በሐይቅና በውጫሌ አድርጎ ውርጌሳን የሚያልፍ፣ ከዚያም መርሳ የሚወርድ መኪና በአንድ ጠዋት ሁለት አየር ያያል። ደሴ ላይ መስታወቱ በጤዛ ታፍኖ፣ ሾፌሩም ወፍራም ልብስ ደርቦ ይነሳል። መርሳ ሲደርስ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቷል፤ ጣሪያው በእጅ አይነካም። ሐምሌና ነሐሴ ሲመጡ ደግሞ ዝናቡ ይጨመራል፤ በበጋ ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ገጠር ቀበሌዎች ሲገቡ አቧራው አለ። ብረት ይህን ሁሉ ለረጅም ጊዜ ይችለዋል። የማይችለው ጎማው ነው። የማወራው ስለ እግሩ ጎማ አይደለም፤ በበሩ ዙሪያ፣ በመስታወቱ ዳር፣ በኮፈኑ ሥር ስለሚገባው፣ ከጣት ብዙም ስለማይወፍረው ጎማ ነው።

የድሮ መኪና የሚያሳድስ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው ሞተሩ ላይና ቀለሙ ላይ ነው። ጎማውና የውስጥ ልብሱ መጨረሻ ላይ፣ በተረፈችው ብር፣ እንደ ጌጥ ይታያሉ። እኔ ይህ አሠራር ብዙ መኪና ገድሏል ባይ ነኝ። አዲስ የተቀባ መኪና በሁለተኛው ክረምት ወለሉ ሲበሰብስ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚላከከው ቀለም ቀቢው ላይ ነው፤ ውሃው የገባው ግን በደረቀው የመስታወት ጎማ በኩል ነው።

ነገሩን በቮልስ ላስረዳ። በኛ አገር የድሮ መኪና ሲነሳ ቀድማ የምትጠራው እሷ ናት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ አፄ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስ የኋላ ወንበር አስቀምጦ ነበር፤ የብዙ ሰው ትዝታም ከዚያች መኪና ጋር ተያይዟል። ፋብሪካው የመጨረሻዋን ሜክሲኮ ውስጥ ፑዌብላ ላይ በ2003 እ.ኤ.አ. እስኪያወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። በወሎ መንገድ ላይ የድሮ መኪና ሲባል ፊያት ኤንትሬም አለ፣ ላንድሮቨርም አለ፤ የጎማቸው ሥራ በመሠረቱ ከቮልስ አይለይም። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት ስለወሰነ፣ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና በሥርዓት መያዝ ከቀድሞው የበለጠ ትርጉም አለው።

ጎማ የሚሞተው በአንድ ቀን አይደለም። ቻርለስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ በ1839 እ.ኤ.አ. የዛፍ ጎማን ከድኝ ጋር አድርጎ በሙቀት ሲያበስለው፣ በሙቀት የማይቀልጥ በብርድም የማይሰበር ሆኖ አገኘው። የድሮዎቹ መኪኖች የበር ጎማ መሠረቱ ይኸው ነው። ጠላቶቹ ፀሐይ፣ ሙቀትና በአየር ውስጥ ያለው ኦዞን ናቸው። ኦዞን ጎማውን የሚያጠቃው በተለጠጠበት ቦታ ስለሆነ መጀመሪያ የሚሰነጠቀው በመስታወቱ ማዕዘኖች ላይ ነው። የቮልስን የፊት መስታወት ጎማ ማዕዘን በጥፍር ጫን ብትሉትና ጥቁር ዱቄት ቢወጣ፣ ወይም ስንጥቁ አፉን ቢከፍት፣ ያ ጎማ አብቅቷል። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢፒዲኤም የሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ መጥቶ ፀሐይንና ኦዞንን በጣም የተሻለ መቋቋም ቻለ፤ ዛሬ ጥሩ የሚባሉት የበር ጎማዎች ከሱ የተሠሩ ናቸው። እሱም ግን ናፍታና ቅባት አይወድም፣ ያብጣል። ላቫጆ ላይ ጎማው እንዲያበራ ብሎ ናፍታ የሚቀባላችሁን ሰው አመስግናችሁ ከልክሉት። ከፋርማሲ የሚገዛ ግሊሰሪን በጨርቅ ቀጭን አድርጎ ማበስ ይበቃል።

ከቮልስ ጎማዎች ሁሉ ሰው የሚረሳው ከኋላ ሞተሩን የሚከበው ነው። ሞተሯ በውሃ አይቀዘቅዝም፤ ማራገቢያው አየር ከላይ ስቦ በሲሊንደሮቹ ላይ ይነፋል፣ የሞቀው አየር ደግሞ ወደ ታች ይወጣል። ሞተሩን ከበው ላዩንና ታቹን በሚለዩት ላሜራዎችና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት የሚዘጋው አንድ ረጅም ጎማ ነው። ይህ ጎማ ከሌለ ከጭስ ማውጫው አካባቢ የሚነሳው ትኩስ አየር ተመልሶ ወደ ላይ ይሳባል፤ ሞተሩ የራሱን ትኩሳት እየደጋገመ ይተነፍሳል። ከመርሳ ወደ ደሴ በሚመለሰው ዳገት ላይ ቮልሷ ጋለች ተብሎ ካርቡራተር ሲፈታ፣ ሻማ ሲቀየር፣ ዘይት ሲለወጥ ይዋላል። መጀመሪያ ኋላ ክዳኑን ከፍቶ ያ ጎማ በቦታው መኖሩን ማየት ምንም አያስከፍልም።

የሥራው ቅደም ተከተል ላይ ብዙ ጋራዥ ይሳሳታል። ቀለም ደርቆ ሲያልቅ መስታወት ለመግጠም ይጣደፋሉ፤ ከዚያ የጣሪያው ልብስ ይታሰባል። በቮልስ ግን የጣሪያው ልብስ ከመስታወቱ ይቀድማል። ልብሱ በጀርባው በተሰፉለት ኪሶች ቀስት መሳይ የብረት ዘንጎች ያልፉበትና ከጎን ወደ ጎን ይወጠራል፤ ጠርዙ ደግሞ በመስታወቱ ቀዳዳ ከንፈር ላይ ተጠቅልሎ በማስቲሽ ይጣበቃል። የመስታወቱ ጎማ የሚቀመጠው በዚህ በተጣበቀ ጠርዝ ላይ ነው፤ ልብሱን ለዘለቄታው የሚይዘውም እሱ ነው። መስታወቱ ቀድሞ ከገባ ልብሱ በምላጭ ተቆርጦ ከጎማው ሥር በካቻቢቴ ይጠቀጠቃል፤ በመጀመሪያው ሙቀት ማስቲሹ ሲለቅ ጣሪያው ሾፌሩ ራስ ላይ ይወርዳል። ልብሱን ለመወጠር ጥሩው ሰዓት ፀሐይ ሞቅ ያለችበት ነው። የሞቀ ልብስ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ራሱ ይጠብቃል፤ በዚህ በኩል የመርሳ ፀሐይ ረዳት ናት።

መስታወት ሲገባ ማየት ደስ ይላል። ጎማው መጀመሪያ በመስታወቱ ዙሪያ ይለበሳል፤ የሚያብረቀርቀው ጌጥ ካለም በዚሁ ጊዜ ጎማው ውስጥ ይገባል፣ በኋላ ማስገባት ትግል ነው። ከዚያ በጎማው ውጭ በኩል ባለው ቦይ ውስጥ ጠንካራ ሲባጎ ዙሪያውን ይቀበራል፤ ሁለቱ ጫፎች ከታች መሀል ላይ ተላልፈው ወደ መኪናው ውስጥ ይንጠለጠላሉ። የሳሙና ውሃ ይቀባል። አንዱ ውጭ ሆኖ መስታወቱን በመዳፉ ይጫናል፣ ሌላው ውስጥ ተቀምጦ ሲባጎውን ይስባል፤ ሲባጎው ሲወጣ የጎማውን ከንፈር እያነሳ ብረቱን ያለብሰዋል። ውስጥ ያለው ረዳት ልጅ ቸኩሎ በኃይል ሲጎትት የሚሰማው ውጭ ያለው የጌታው ድምፅ ነው። «ቀስ በል የኔ ልጅ፣ አብሽር፣ እኔ ስጫን ብቻ ሳብ።» «እሺ ጋሼ።» ማዕዘኑ ላይ ሲደርሱ ሁለቱም ዝም ይላሉ። መስታወት የሚሰነጠቀው እዚያ ነው፣ ጎማውም የሚቀደደው እዚያው ነው። ሲያልቅ ዙሪያውን በቡጢ ሳይሆን በመዳፍ ጫን ጫን ማድረግ ነው፣ ቦታውን እንዲይዝ።

ሲሊኮን ያለ ልክ ከጎማው ጋር መለጠፍ በየቦታው የተለመደ ነው። እኔ አልወደውም። ጥሩ ጎማ በቦታው ከተቀመጠ ሲሊኮን አይፈልግም፤ መጥፎውን ደግሞ ሲሊኮን አያድነውም። ውሃውን ከውስጥ አስቀርቶ ብረቱን ዓይን ከማያየው በኩል ያበሰብሰዋል።

በሩ ግን ሌላ ታሪክ አለው። ብዙ ሰው በር ውስጥ ውሃ ከገባ ጎማው ተበላሸ ይላል። እውነቱን ለመናገር በር ውስጥ ውሃ እንዲገባ ተደርጎ ነው የተሠራው። ዝናብ መስታወቱን ይዞ ወርዶ በመስኮቱ ጠርዝ ያልፋል፤ ጠራጊዋ ጎማ አብዛኛውን ትመልሳለች እንጂ ሁሉንም አትችልም። የገባው ውሃ በበሩ ውስጥ ወርዶ ከሥር ባሉ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይፈሳል። እነዚህ ቀዳዳዎች በጭቃ፣ በስቱኮ ወይም በአዲስ ቀለም ከተደፈኑ በሩ ከታች ወደ ላይ ይዝጋል። በእድሳት ጊዜ በሽቦ ከፍቶ አንድ ጣሳ ውሃ በመስኮቱ በኩል ማፍሰስና ከሥር ሲወጣ ማየት ግዴታ ነው።

ከዚያ ወዲህ የበሩ ልብስ አለ። ልብሱ የሚወጠርበት ሰሌዳ ከተጠቀጠቀ እንጨት የተሠራ ስስ ነገር ስለሆነ እርጥበት ካገኘው ያብጣል፣ ይጎብጣል፣ መያዣ ክሊፑም ይነቀላል። ስለዚህ ፋብሪካው በሰሌዳውና በበሩ ላሜራ መካከል ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን ያደርግ ነበር። አሮጌው ልብስ ሲነቀል ይህ ሽፋን ተቀዳዶ ይወጣል፤ ሠራተኛውም ቆሻሻ መስሎት ይጥለዋል። አዲስ ሰሌዳ፣ አዲስ ሌዘር፣ አዲስ ክሊፕ ተገጥሞ በመጀመሪያው ክረምት ሁሉም ይጎብጣል። ወፍራም ፕላስቲክ በበሩ ልክ ቆርጦ፣ ታችኛውን ጫፍ ወደ በሩ ውስጥ አስገብቶ መለጠፍ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አዲሱን ሰሌዳ በስስ ኮምፔንሳቶ የሚሠሩ አሉ፤ ጠርዙ በቀለም ወይም በቫርኒሽ ከታሸገ ከድሮው ይበረታል።

የወንበር ልብስ ላይ ስንመጣ ጣዕም ይለያያል። ከላይ እስከ ታች በወፍራም ሌዘር ማልበስ የሚወድ ብዙ ነው። ለመርሳና ለውርጌሳ ሙቀት ግን አየር የሚያሳልፍ ጨርቅ መሀል ላይ፣ ሌዘር ዳር ዳሩን ይሻላል እላለሁ። ወለሉ ላይ ሞኬት ከመነጠፉ በፊት ከሥር ያለው ድምፅ ማፈኛ ተነስቶ ላሜራው መታየት አለበት፤ ውሃ ከሥሩ ለወራት ተደብቆ ይቀመጣል፣ ሞኬቱ ደርቆ ሳለ ወለሉ ይበላል።

ከውስጥ ሥራው ሁሉ እኔን የሚያስጨንቀኝ የኋላ ወንበር ነው። የቮልስ ባትሪ ያለው ከሱ ሥር ነው። ወንበሩ የብረት ስፕሪንግ ነው፤ በላዩ ከኮኮናት ቃጫ የተሠራ ትራስ መሳይ ንጣፍ አለ። ንጣፉ ሲያረጅ፣ ስፕሪንጉም ሲላላ፣ ከኋላ ሁለት ከባድ ሰዎች ተቀምጠው መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ ስፕሪንጉ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ይነካና ብልጭታ ይፈጥራል። ደረቅ ቃጫ ደግሞ እሳት ለመያዝ ሰከንድ አይፈጅበትም። በዚህ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶች በዓለም ዙሪያ ብዙ ናቸው። ባትሪው ቁመቱ ከድሮው የበለጠ ከሆነ አደጋው ይብሳል። የባትሪው መክደኛ መኖር አለበት፣ ከሌለም ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ወፍራም ጎማ ቆርጦ ማሰር ያስፈልጋል። ወንበር የሚያለብስ ባለሙያ ስፖንጅ ሞልቶ ከላይ ያሳምረዋል፤ ከሥር ያለውን ማየት የባለመኪናው ድርሻ ነው።

ዕቃው ከየት ይገኛል? ያገለገለውን የሚፈልግ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይወርዳል። አዲሱ ከውጭ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም በሚመላለስ ዘመድ ሻንጣ። ከመግዛት በፊት ግን የመኪናዋን ዓመት ማወቅ ይቀድማል። ቮልስ ከውጭ ስትታይ ሁሌ አንድ ትመስላለች እንጂ፣ ከነሐሴ 1964 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሠሩት መስታወታቸው ሁሉ ሰፍቷል፤ የዚያን ጊዜ ጎማ ለቀደሙት አይሆንም። 1303 የምትባለዋ ደግሞ የፊት መስታወቷ ጎባጣ ስለሆነ የራሷ ጎማ አላት። የሻንሲ ቁጥሩ ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሀል ባለው ጉብታ ላይ ተመትቷል። እሱን አንብቦ ማዘዝ ከብዙ ኪሳራ ያድናል። አሮጌውን ጎማም አዲሱ ገብቶ እስኪረጋገጥ ድረስ መጣል አይገባም፤ የቱ ጫፍ ወዴት እንደሚዞር የሚናገረው እሱ ነው። በሜትር የሚሸጠውን ተመሳሳይ ጎማ ለበር መጠቀም ይቻላል፤ ውፍረቱ ግን ከድሮው ጋር ጎን ለጎን ተይዞ ይለካ። ከልክ በላይ የጠነከረ ጎማ በሩን ከመዝጋት ይልቅ ይገፋዋል፣ ማጠፊያውንም ያላላዋል።

ሥራው ሲያልቅ ፍተሻው ቀላል ነው። ጎማው ላይ ጠመኔ ቀብቶ በሩን መዝጋትና መክፈት፤ ጠመኔው ብረቱ ላይ ያልታተመበት ቦታ ክፍተት አለው። ወይም ቀጭን ወረቀት በሩ ላይ ዘግቶ መሳብ፤ ሳይይዝ ከወጣ የበሩ ማጠፊያ ወይም መቆለፊያ ትንሽ ይስተካከላል። በደንብ የታሸገች ቮልስ አየር እንኳ ስለማታስወጣ በሯ አልዘጋም ማለቱ ድሮም የታወቀ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስኮቱን ጣት ያህል ዝቅ አድርጎ በሩን መዝጋት፣ መኪናዋንም ማታ በሮቿን በደንብ ዘግቶ ማሳደር ነው፤ ጎማው የበሩን ቅርፅ የሚይዘው ተጭኖ ሲያድር ነው።