ዋጋ ሲንር የወታደር ጡረታ አብሮ ያድጋል? ሪያድ ላይ የሚነገረውና እውነታው

የኑሮ ውድነት ማካካሻ የሚባለው፣ ዋጋ ሲንር የጡረታ አበል የመግዛት አቅሙ እንዳይሟሽሽ የሚደረግለት ጭማሪ ነው። የሚመጣው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው በሕግ የተደነገገ ቀመር ነው፤ የዋጋ ጠቋሚው ከፍ ሲል አበሉ ማንም ሳይለምን ያድጋል። ሁለተኛው መንግሥት ሲያምንበት በትእዛዝ የሚሰጠው፣ ሲያበቃም በትእዛዝ የሚነሳው ወርሃዊ ድጎማ ነው። ሦስተኛው አንዴ ተከፍሎ የሚያልቅ ጉርሻ ነው። በሳዑዲ ዋና ከተማ ስለ ጡረተኛ ወታደሮችና ስለ ጦር ጉዳተኞች ገቢ የሚናፈሰው የተሳሳተ ወሬ በአብዛኛው የሚነሳው ሦስቱን አንድ አድርጎ ከማየት ነው። እዚህ ላይ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰፊው የሚታመነው ነገር፣ ነዳጅ ያላት ሀገር የወታደሮቿን ጡረታ በየዓመቱ ከገበያው ጋር ታስተካክላለች የሚለው ነው። እንዲህ ያለው ቀመር የአሜሪካ እንጂ የሳዑዲ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው የዋጋ ጠቋሚ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወራት ጋር ይነጻጸርና ልዩነቱ በጡረታው ላይ ይታከላል፤ የ2023ቱ ጭማሪ 8.7 በመቶ፣ የ2025ቱ 2.5 በመቶ ነበር። እዚያም ቢሆን የጦር ጉዳተኞች ካሳ በቀጥታ አያድግም። ኮንግረስ በየዓመቱ ለብቻው ሕግ ያወጣለታል፤ መጠኑ ግን ከሌላው ጋር እኩል እንዲሆን ይደረጋል። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የወታደር ጡረታ የሚገዛው በ1975 በወጣው የወታደራዊ ጡረታ ሕግ ሲሆን፣ ጡረታውን በየዓመቱ ከዋጋ ጠቋሚ ጋር የሚያንቀሳቅስ አሠራር የለም። ጭማሪ የሚመጣው በንጉሡ ትእዛዝ ወይም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ውሳኔ ነው።

ይህ ማለት ግን ጭማሪ ኖሮ አያውቅም ማለት አይደለም። ንጉሥ አብዱላህ ዙፋኑን በያዙበት በ2005 የመንግሥት ሠራተኛው፣ የወታደሩና የጡረተኛው ገቢ በ15 በመቶ ከፍ ብሏል። በ2008 መጀመሪያ ላይ የሀገሪቱ የዋጋ ንረት ወደ ሁለት አሃዝ ሲጠጋ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በየዓመቱ 5 በመቶ እየታከለ ለሦስት ዓመት የሚዘልቅ የኑሮ ውድነት አበል ፈቀደ። ሦስቱ ዓመታት ሲያልቁ፣ የዓረቡ ዓለም በአመፅ በሚናጥበት በየካቲት 2011፣ የተጠራቀመው 15 በመቶ ቋሚ እንዲሆን ታዘዘ። የእነዚያ ዓመታት አሻራ አንድ ያልተለመደ ቁጥር ላይ ዛሬም ይታያል። የግል ዘርፍ ሠራተኞችን በሚያቅፈው የማኅበራዊ መድን ሥርዓት ለዓመታት ሲሠራበት የቆየው ዝቅተኛው ወርሃዊ ጡረታ 1,983 ሪያል ከ75 ሃላላ (የሪያል ሳንቲም) ነው። ሃላላውን ጭምር ቆጥሮ የሚወስን ባለሥልጣን የለም፤ ቁጥሩ የተገኘው በስሌት ነው። 1,500 ላይ 15 በመቶ ሲታከል 1,725 ይሆናል፣ በዚያ ላይ እንደገና 15 በመቶ ሲታከል 1,983.75 ይመጣል።

ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚያስታውሱት ግን የ2018ቱን 500 ሪያል ነው፤ ብዙ የተሳሳተ ነገር የሚወራውም ስለ እሱ ነው። በዚያ ዓመት ጥር 1 ቀን 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተጀመረ፤ የነዳጅ ዋጋም ተሰቀለ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ንጉሥ ሰልማን ያወጡት ትእዛዝ በሥራ ላይ ላሉ የመንግሥት ሠራተኞችና ወታደሮች በወር 1,000 ሪያል፣ ለጡረተኞችና ለማኅበራዊ ድጋፍ ተጠቃሚዎች 500 ሪያል እንዲከፈል አዘዘ። ከየመን ጋር በሚያዋስነው የደቡብ ድንበር ግንባር ላይ ላሉት ወታደሮች ደግሞ 5,000 ሪያል ተሰጠ። ይህ 5,000 እስከ ዛሬ «ለቁስለኞችና ለጡረተኛ ወታደሮች የተሰጠ» እየተባለ ሲወራ ይሰማል። እውነቱ የአንድ ጊዜ ጉርሻ መሆኑ ነው፤ የተሰጠውም ግንባር ላይ ላለ ወታደር ነው። በጦርነት ለተጎዱት፣ ለተማረኩት፣ ለጠፉትና ለተሰዉት ቤተሰቦች ራሱን የቻለ ፈንድ ተቋቁሟል፤ ከእሱ የሚገኘው ድጋፍ ከጡረታ ማካካሻ ጋር አይገናኝም።

500 ሪያሉ ከመነሻውም የተፈቀደው ለአንድ ዓመት ነበር። በ2018 መጨረሻ ላይ ታደሰ፤ መታደሱም ብዙዎችን የጡረታው አካል ሆኖ ቀረ ብለው እንዲያምኑ አደረጋቸው። ኮሮና የነዳጅ ገበያውን ሲያሽመደምደው የገንዘብ ሚኒስትሩ መሐመድ አል ጀድዓን ግንቦት 11 ቀን 2020 ሁለት መርዶ በአንድ መግለጫ አመጡ፦ የኑሮ ውድነት አበሉ ከሰኔ ጀምሮ ይቆማል፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱም ከሐምሌ 1 ጀምሮ ከ5 ወደ 15 በመቶ ይወጣል። የ2008ቱ አበል ቋሚ የሆነው ሌላ ትእዛዝ ስላጸናው ነው። የ2018ቱን የሚያጸና ትእዛዝ አልመጣም፤ ስለዚህ በመጣበት በር ወጣ። «ጡረታችን ተቀነሰ» የሚለው አነጋገር ስሜቱ ቢገባም ልክ አይደለም፤ የተቋረጠው ከጡረታው ጎን ለጎን ሲከፈል የነበረ ሌላ ክፍያ ነው።

ታክሱ ያስከተለው ጭማሪ መጠን ላይም ስህተት አለ። ከ5 ወደ 15 ሲሄድ ዋጋ በሦስት እጥፍ ናረ የሚል አለ፤ በሌላ በኩል 10 በመቶ ብቻ ነው የሚልም ይገኛል። ታክስ ሳይጨምር 100 ሪያል የሚያወጣ ዕቃ ገዢው ቀድሞ 105 ይከፍልበት ነበር፤ ከሐምሌ 1 ቀን 2020 ወዲህ 115 ሆነ። ጭማሪው ወደ 9.5 በመቶ ይደርሳል። የሀገሪቱ የስታትስቲክስ ባለሥልጣን የመዘገበው ዓመታዊ የዋጋ ንረትም በሰኔ 2020 ከነበረበት 0.5 በመቶ በሐምሌ ወደ 6.1 ተወረወረ። ከ9.5 ያነሰው አንዳንዱ ነገር ታክስ ስለማይነካው ነው፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ከነዚህ አንዱ ነው።

ጭማሪ ሲባል ሁሉም እኩል ያገኛል የሚለው እምነት በስሌት ይፈርሳል። የሳዑዲ ወታደር ጡረታ በእያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት የመጨረሻው መሠረታዊ ደመወዝ አንድ ሠላሳ አምስተኛ ነው። 28 ዓመት አገልግሎ በ14,000 ሪያል መሠረታዊ ደመወዝ የተሰናበተ መኮንን 11,200 ሪያል ያገኛል። ተራ ወታደር ሆኖ በ4,000 ሪያል ጡረታ የሚኖርም አለ። የ2008ቱ ዓይነት 5 በመቶ ለመኮንኑ 560፣ ለተራው ወታደር 200 ሪያል ነው። የ2018ቱ ዓይነት 500 ሪያል ግን ለመኮንኑ ከ4.5 በመቶ አይበልጥም፣ ለተራው ወታደር 12.5 በመቶ ነው። በመቶኛ የሚሰጥ ጭማሪ ወደ ላይኛው፣ በቁርጥ የሚሰጥ ወደ ታችኛው ያጋድላል። የዳቦና የዶሮ ዋጋ ማዕረግ ስለማይለይ ሁለተኛው ለፍትሕ የቀረበ ይመስላል፤ ጉድለቱ ቁርጥ ገንዘብ ዓመት በዓመት ራሱ በዋጋ ንረት መበላቱ ነው።

«መሠረታዊ ደመወዝ» የሚለውን ቃል ልብ ያላለ ሰው ሌላም ነገር ያምታታል። ወታደሩ በሥራ ላይ ሳለ የሚያገኛቸው ልዩ ልዩ አበሎች ጡረታው ሲሰላ አይገቡም። በዚህ የተነሳ ጡረታ የወጣ ሰው ገቢው ድንገት ሲወርድ መንግሥት የቀነሰበት ይመስለዋል። የዚህ ግልባጭ በመስከረም 2016 ታይቷል፦ የመንግሥት ሠራተኞች አበሎች ሲታጠፉ ጡረተኛው አልተነካም፤ የሚታጠፍ አበል አልነበረውምና። አበሎቹ በሚያዝያ 2017 ተመለሱ። ጡረተኛው ያኔም ያገኘው ነገር የለም።

በ2021 የመንግሥትና የወታደር ጡረታን ያስተዳድር የነበረው መሥሪያ ቤት ከማኅበራዊ መድን ድርጅቱ ጋር ተዋሐደ። ከዚያ ወዲህ የወታደሩ ጡረታ ከግል ድርጅት ሠራተኛው ጋር አንድ ሆኗል የሚል ወሬ አለ። የተዋሐዱት መሥሪያ ቤቶቹ ናቸው። በግል ዘርፍ በነባሩ ሥርዓት ስሌቱ በዓመት አንድ አርባኛ ነው፤ በ14,000 ሪያል አማካይ ደመወዝ 28 ዓመት የሠራ ሰው 9,800 ሪያል ያገኛል። የወታደሩ አንድ ሠላሳ አምስተኛ አልተነካም።

የሳዑዲ የዋጋ ንረት ዝቅተኛ ስለሆነ ጡረተኛ አይጎዳም የሚለው ክርክር ደግሞ ግማሽ እውነት አለበት። የ2024 አማካይ የዋጋ ንረት 1.7 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የቤት ኪራይ 10 በመቶ ገደማ ሲያሻቅብ፣ የልብስና የቤት ዕቃን የመሳሰሉት ዋጋ መርገቡ አማካዩን ዝቅ አደረገው። ከ60 በመቶ በላይ የሳዑዲ ቤተሰብ የራሱ ቤት አለው፤ የራሱ ቤት ላለው ጡረተኛ 1.7 በመቶው ለኑሮው የቀረበ ቁጥር ነው። ተከራይ ከሆነ ግን አማካዩ ምንም አይነግረውም። በሪያድ የኪራዩ ነገር ስለባሰ መስከረም 25 ቀን 2025 በከተማዋ ወሰን ውስጥ የመኖሪያም የንግድም ኪራይ ለአምስት ዓመት እንዳይጨመር ታገደ። ባዶ ቤት የሚያከራይም ቢሆን በመጨረሻው ውል ዋጋ እንዲያከራይ ግድ ተባለ። የተከራይ ጡረተኛን ትልቁን ወጪ ባለበት ስለሚያቆም፣ ጡረታውን ሳይነካ ከ500 ሪያሉ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል። ጥቅሙ ግን ለጡረተኛ የተለየ አይደለም፤ መንፉሃ በሚባለው የሪያድ ሰፈር ተዳብሎ ለሚኖረው ኢትዮጵያዊም እኩል ነው።

ስለ ኢትዮጵያዊ ከተነሳ ደግሞ፣ ሪያድ ውስጥ ብዙ ዓመት የሠራ የውጭ ዜጋ የሳዑዲ ጡረታ ይገባዋል ብሎ የሚጠብቅ አለ። የጡረታው ክፍል ለሳዑዲ ዜጎች የተዘጋጀ ነው። በግል ድርጅት ለሚሠራ የውጭ ዜጋ አሠሪው የሚከፍለው የደመወዙን 2 በመቶ ነው፤ እሱም ለሥራ ላይ አደጋ ብቻ ነው። በሥራ ላይ አደጋ አካሉ የጎደለ ሰው የሚያገኘው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ካሳ በመሆኑ የሚስተካከል ወርሃዊ ክፍያ የለውም። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሚገዛ ሠራተኛ ሲሰናበት ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በዓመት የግማሽ ወር፣ ከዚያ በላይ ላለው በዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ይታሰብለታል። የቤት ሠራተኞች በሌላ ደንብ የሚተዳደሩ ሲሆን አራት ተከታታይ ዓመት ለሠራች የአንድ ወር ደመወዝ ይሰጣል።

ቀድሞ በሠራዊት አገልግሎ የኢትዮጵያ ጡረታ ያለው፣ ወይም አባቱ በዚያ ጡረታ የሚኖር ሰው ደግሞ ሌላ ስህተት ያጋጥመዋል፦ የመንግሥት ደመወዝ ሲጨመር ጡረታም አብሮ ይጨመራል የሚል። የኢትዮጵያ ወታደር ጡረታ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት 30 በመቶ ሆኖ፣ ከዚያ በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.65 በመቶ ይታከልበታል፤ ለሲቪሉ የሚታከለው 1.25 በመቶ ነው። ጣሪያው ለሁለቱም 70 በመቶ ነው። 25 ዓመት ያገለገለ ወታደር 54.75 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። የሚሰላው ግን ከመሰናበቱ በፊት ባሉት ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። ደመወዝ በተጨመረ በዓመቱ የሚሰናበት ሰው የጭማሪውን ከፊል ብቻ ይዞ ይወጣል። ከጭማሪው በፊት የወጣው ደግሞ ምንም አይደርሰውም፤ አበሉ የሚሻሻለው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለብቻው ሲወስን ነው።

ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ የጡረታው በራሱ አለመስተካከል ጎልቶ ወጣ። ሪያል ከ1986 ጀምሮ በ3.75 ለአንድ ዶላር የታሰረ በመሆኑ ብር ከዶላር አንጻር በወረደው ልክ ከሪያልም አንጻር ወረደ፦ 15 ብር ገደማ የነበረው አንድ ሪያል በሳምንታት ውስጥ ከ27 ብር በላይ ሆነ። ከሪያድ 500 ሪያል የሚልክ ልጅ ቀድሞ 7,500 ብር ገደማ ያደርስ የነበረው ከ13,000 በላይ ማድረስ ቻለ። የአባቱ ጡረታ ግን አዲስ ውሳኔ እስኪመጣ በዚያው የብር ቁጥር ቀጠለ።