የዓይን ብሌን በጨረር በሚታገዝ የሞራ ቀዶ ሕክምና ጊዜ የሚያሳየው ለውጥ

ወር በገባ በ19ኛው ቀን፣ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል በብስራተ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆሞ ልብ ብሎ የሚመለከት መምህር አንድ ነገር ያስተውል ይሆናል። አንዳንድ አረጋውያን ከጥላው ወደ ጠራራው ፀሐይ ሲወጡ መንገዱ ይጠፋባቸዋል፤ የልጅ ልጃቸውም እጃቸውን ይዞ ይመራቸዋል። ብርሃን ለማየት ይረዳል ብለን ለምናስተምር ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር ይመስላል። ምክንያቱ ግን ከዓይን ብሌን ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው።

በቅድሚያ የቃሉን ትርጉም መለየት ያስፈልጋል። «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል የሚለገሰው ኮርኒያ የተባለው የዓይን የፊት ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ብሌን የምንለው በዓይን መካከል የሚታየውን ጥቁር ክብ ቀዳዳ ነው። ተማሪዎች ሁለቱን እንዳያምታቱ መምህሩ አስቀድሞ ሊያስረዳ ይገባል።

ብሌንን የከበበው ባለቀለም ክፍል አይሪስ ይባላል። በአይሪስ ውስጥ ሁለት ጡንቻዎች አሉ፤ አንደኛው ብሌንን ያጠብባል፣ ሁለተኛው ያሰፋዋል። የብሌን ስፋት በደማቅ ብርሃን ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ በጨለማ ደግሞ ከ4 እስከ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሞራ ማለት ከአይሪስ በስተኋላ ያለው ሌንስ መደፍረስ ነው። ሞራው በሌንሱ መካከል ካረፈ፣ ብሌን በፀሐይ በጠበበ ጊዜ ብርሃን የሚያልፈው በደፈረሰው ክፍል ብቻ ይሆናል። ከላይ የተጠቀሱት አረጋውያን ችግርም ይኸው ነው።

የብሌን መጥበብ ለሐኪሙም እንቅፋት ነው። ወደ ሌንሱ የሚደርሰው በብሌን በኩል ስለሆነ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንደ ትሮፒካማይድና ፌኒሌፍሪን ያሉ ጠብታዎች በመጨመር ብሌኑን ያሰፋል። እ.ኤ.አ. በ2008 ዶክተር ዞልታን ናጊ በሀንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት የፌምቶሰከንድ ሌዘርን ለሞራ ቀዶ ሕክምና ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቀሙ። ይህ ጨረር የሌንሱን ከረጢት ፊት በክብ ይቆርጣል፣ የደፈረሰውንም ሌንስ ይከፋፍላል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ፍርስራሹን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል።

ይሁን እንጂ ጨረሩ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ፣ በጠብታ የሰፋው ብሌን በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ተመልሶ ይጠባል። ምክንያቱ ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር በዓይን የፊት ክፍል ፈሳሽ ውስጥ መብዛቱ ነው። ብሌን ሲጠብ የሐኪሙ እይታ ይጋረዳል፤ አይሪስ ሊጎዳ፣ የሌንሱም ከረጢት ሊቀደድ ይችላል። ስለዚህ ስቴሮይድ የሌላቸው የብግነት መከላከያ ጠብታዎች አስቀድመው ይሰጣሉ፤ በጨረሩና በቀጣዩ ሥራ መካከል ያለው ጊዜም እንዲያጥር ይደረጋል።

እዚህ ላይ የትምህርትና የጤና ዕቅድ አውጪዎች ሊያጤኑት የሚገባ ጉዳይ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት መሠረት፣ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሲሆን፣ ከዚህም ግማሽ ያህሉ መንስኤው ሞራ ነበር። በፈረንሳይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሰፊ ጥናት ደግሞ ጨረሩ ከተለመደው የአልትራሳውንድ ዘዴ ብልጫ እንደሌለው አሳይቷል። በአገራችን በሰፊው የሚሠራበት፣ ያለ ጨረር በትንሽ ቅድ የሚከናወነው ቀዶ ሕክምና ብርሃንን ይመልሳል። ስለሆነም ተቀዳሚው ጉዳይ የመሣሪያው ርቀት ሳይሆን ሕመምተኛው ወደ ሐኪም መድረሱ ነው።

መምህሩ ይህን በቀላል ሙከራ ሊያስተምር ይችላል። ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው በመስኮት አጠገብ ይቀመጡ። አንዱ ዓይኑን ለግማሽ ደቂቃ በመዳፉ ሸፍኖ ሲገልጥ፣ ሌላው የብሌኑን መጥበብ ይመልከትና በማስታወሻው ላይ ይሣል። ፀሐይን በቀጥታ መመልከትም ሆነ የሌዘር መብራት ወደ ዓይን ማብራት ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

በትምህርቱ መጨረሻ ተማሪው ወደ ቤቱ ይዞት የሚሄደው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ሞራ በጠብታም ሆነ በባህላዊ መድኃኒት አይጠፋም፣ በቀዶ ሕክምና ግን ይወገዳል። ይህን የተረዳ ልጅ አያቱን አንድ ቀን ወደ ሐኪም ቤት ቢመራ፣ ከዚያ በኋላ እርሳቸውን ለመምራት ከትምህርት ገበታው የሚቀርባቸው ቀኖች ይቀራሉ።