ክኒኑና ወንዙ

በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በምትገኘው ሳንጃ ሙቀት ሲበረታ ወንዙ የሁሉም ነው፤ ልጆች ይዋኙበታል፣ እናቶች ልብስ ያጥቡበታል፣ ከብቱ ይጠጣበታል። በዚያው ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታይ እጭ አለ። ባዶ እግሩን የገባ ሰው ሲያገኝ በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን በስቶ ይገባል። በሽታው ቢልሃርዚያ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተሙ ጥናቶች በሳንጃ ከተመረመሩት ተማሪዎች ከአሥሩ ከሰባት በላይ የሚሆኑት የበሽታውን ትል ተሸክመው እንደተገኙ ያሳያሉ።

ትሉ አድጎ በአንጀትና በጉበት መካከል ባሉ የደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይኖራል። ሴቷ በቀን መቶና ከዚያ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ከፊሉ ከሰገራ ጋር ሲወጣ የቀረው ጉበት ውስጥ ተሰንቅሮ ያቆስላል። ሰው ወንዝ ዳር ከተጸዳዳ እንቁላሉ ውሃ ውስጥ ይፈለፈልና እጩ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሺዎች ተራብቶ ወደ ውሃው ይመለሳል።

መድኃኒቱ ፕራዚኳንተል ቀላል ነው። በትምህርት ቤት ዘመቻ ሚዛን እንኳ አያስፈልግም። ልጁ ምልክት ከተደረገበት ዘንግ ጎን ይቆማል፤ ቁመቱ የደረሰበት ምልክት የክኒኑን ብዛት ይናገራል። 130 ሳንቲሜትር የሆነ ልጅ 2 ክኒን ይወስዳል። ክኒኑ መራራ ነው፤ ምግብ ቀምሶ መዋጡም ይሻላል።

ታዲያ በሽታው ለምን ይመለሳል? ክኒኑ የሚገድለው የበሰለውን ትል ነው፤ ሰሞኑን የገባው ጨቅላ ትል ያመልጠዋል። ልጁም በማግስቱ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከብት ሲጠብቅ የዋለ፣ ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ደግሞ ከነጭራሹ ክኒኑን አላገኘም፤ ከሰገራው ጋር የሚወጣው እንቁላል የታከሙትን መልሶ ያስይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው በተስፋፋበት ቦታ በየዓመቱ ቢያንስ 75 በመቶው ሕዝብ እንዲወስድ የሚመክረው ለዚህ ነው። አንድ ዓመት ከተዘለለ የአምናው ልፋት እየተሸረሸረ ይሄዳል።

የዘመቻው መኪና ሲመለስ የሚቀረው ጤና ኬላው ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በጀመረችው መርሃ ግብር ያሰማራቻቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የየቤቱን ደጅ ያውቃሉ። የማን መጸዳጃ ቤት እንደተደረመሰ፣ የማን ልጅ ክኒኑን እንዳልዋጠ መዝግበው ተመልሰው ማንኳኳት የሚችሉት እነሱ ናቸው። ይህ ሥራ መዝገብና የማያልቅ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ሠራተኛዋም ጊዜ ያስፈልጋታል። በየወሩ አዲስ ዘመቻ እየተጫነባት የቀድሞውን እንድትጨርስ መጠበቅ አይገባም።

እጩን የሚያራባውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት ደግሞ መላው ከአገር ቤት ተገኝቷል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ምርምሩ እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት አስገኘላቸው። ይሁን እንጂ እንዶድም በየጊዜው ካልተደገመ ቀንድ አውጣው መልሶ ይራባል።

ስለዚህ የአንድ ወረዳ መከላከል የሚለካው ዘንድሮ በታደለው ክኒን ብቻ አይደለም። ወላጆች ሆይ፣ የመድኃኒቱ ቀን ሲደርስ ትምህርት ቤት የማይሄደውንም ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ከርሞም እንዲሁ አድርጉ።