በቤሩት ብስክሌት እየነዳሽ ወደ ሥራ ለመሄድ ብታስቢ



ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። እዚያ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ተማሪውም ሠራተኛውም ብስክሌት ይነዳል። ቤሩት መጥቼ፣ ከማዳም ቤት ወጥቼ ቡርጅ ሐሙድ ቤት ስከራይ ቶሎ ያሰብሁት ብስክሌት መግዛት ነበር። ከ2019 በፊት ሰርቪስ 2,000 ሊራ ነበር። ሊራው ከወደቀና በ2021 የነዳጅ ድጎማው ከተነሣ ወዲህ ግን ዋጋው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። በቀን ሁለቴ ከተከፈለ ለእናት የሚላከው ይጎድላል።

ግን የባሕር ዳር ልማዴ እዚህ አልሠራልኝም። በሁለተኛው ቀን ያጥራል ብዬ በወደቡ በኩል በሚያልፈው አውራ ጎዳና ገባሁ። የአንድ ከባድ መኪና መስታወት ትከሻዬን መታኝና ወደቅሁ። ኢቃማዬ ስላልታደሰ ፈርቼ ለማንም ሳልናገር አንድ ሳምንት በአንድ እጄ ወለል ወለወልሁ። አንቺ እንዲህ እንዳታደርጊ ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

መንገድሽን አስቀድመሽ እወቂ። እሑድ መኪና ሲቀንስ በእግርሽ ወይም በብስክሌት ሞክሪው። ከቡርጅ ሐሙድ ወንዙን ተሻግረሽ በማር ሚኻኤልና በጀማይዜ ብትሄጂ መሬቱ ዝቅ ያለ ነው፤ አውራ ጎዳናውንም ታመልጫለሽ። አሽራፊዬ ግን ዳገት ነው፤ ከባሕሩ ዳር ወደ ሐምራ መውጣትም እንዲሁ። ዳገት ላይ ወርደሽ ብትገፊ አያሳፍርም። ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ስለሚበዛ መሄጃሽና መመለሻሽ ሊለያይ ይችላል።

ሰዓትሽን አስተካክዪ። እሑድ 20 ደቂቃ የፈጀብሽ መንገድ ሰኞ ጠዋት የበለጠ ይፈጅብሻል። ቀደም ብለሽ ውጪ። ዘገየሁ ብላ የምትጣደፍ ናት የምትወድቀው።

ከመኪናው ይልቅ መሬቱን ተመልከቺ። ከቀውሱ ወዲህ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን የተሰረቀበት መንገድ አለ። መብራት ሲጠፋ የትራፊክ መብራቱም አይሠራም፤ ሞተር ሳይክልም በተቃራኒ አቅጣጫ ይመጣብሻል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ተራዬ ነው ብለሽ አትመኚ። ከቆሙ መኪኖች አንድ ክንድ ያህል ራቂ፤ በር በድንገት ይከፈታል። የራስ ቁር አድርጊ፤ ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ይኑርሽ። ቀሚስና ነጠላ ጎማ ውስጥ እንዳይገባ ሰብስቢ።

የማትነጂበትን ቀን ለይተሽ ያዢ። በክረምት ዝናብ ሲጥል ጎዳናው ጎርፍ ይሆናል። ያን ቀን ቫን ወይም ሰርቪስ ያዢ፤ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ከወሩ መጀመሪያ ለይተሽ አስቀምጪ። ሹፌሩ «ሰርቪሴን» ካለሽ እጥፍ ጠይቆሻል ማለት ነው፤ ሳትስማሚ አትግቢ። ማታ ከጨለመ በኋላ ብቻሽን ከምትነጂ ብስክሌትሽን ማዳም ዘንድ ብታሳድሪ ይሻላል።

በማዳም ቤት የምትኖሪ ከሆነ ደግሞ ብስክሌት ከመግዛትሽ በፊት የት እንደምታስቀምጪውና መቼ እንደምትወጪ ተነጋገሪ።

የፓስፖርትሽንና የኢቃማሽን ቅጂ፣ የአንዲት እህት ስልክም በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፤ ስልክሽ ሊሰበር ይችላል። ከወደቅሽ ቀይ መስቀልን በ140 ጥሪ፤ አምቡላንሱ በነጻ ነው። በዐረብኛ «ሰሊብ አሕመር» ይባላል። የፖሊስ ቁጥር 112 ነው። እዚህ ቦታ የሚታወቀው በቤተ ክርስቲያን፣ በዳቦ ቤት ወይም በነዳጅ ማደያ ነውና በመንገድሽ ላይ ያሉትን ስማቸውን አጥኚ።

ወረቀት የለኝም ብለሽ ሕመምሽን አትደብቂ። መጥተሽ ንገሪን፤ ሐኪም ዘንድ አብረን እንሄዳለን። የእኔ ትከሻ ዛሬም ብርድ ሲሆን ያመኛል፤ በጊዜው ብናገር ኖሮ ምናልባት ይድን ነበር።