ጀርባ የማይሰጥበት ክፍል

ለምልከታ የሚላክ ዕጩ መምህር ደብተሩን ይዞ ከኋላ መቀመጥ ለምዷል። መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት ልዩ ክፍል ግን የልጆቹ መልስ ያለው እጃቸውና ፊታቸው ላይ ስለሆነ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ብዙ ያመልጠዋል። ወደ ጎን ቢጠጋ ይሻለዋል።

ወንበሮቹ በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። አንዱ ልጅ የሌላውን እጅ ካላየ ጓደኛው ምን እንደመለሰ አያውቅም። መምህሯ መስኮቱን ከጀርባዋ አታደርግም፤ ብርሃኑ ከኋላዋ ከመጣ ፊቷ ይጨልማል። በምልክት ቋንቋ ቅንድብና ዐይን የሰዋስው አካል ናቸውና ፊት ካልታየ የሚነገረው ይጎድላል። ልጅ መጥራት ስትፈልግ እጇን ታወዛውዛለች ወይም ትከሻውን ነካ ታደርጋለች።

ዕጩው ከሁሉ በላይ ልብ ሊለው የሚገባው ግን የመምህሯን የጊዜ አጠቃቀም ይመስለኛል። በሌላው ክፍል መምህር እየጻፈ ያስረዳል፣ ተማሪም እየሰማ ይገለብጣል። እዚህ የጆሮውንም ሥራ የሚሠራው ዐይን ነው፤ ዐይን ደግሞ ሰሌዳውንና እጇን አንድ ላይ ማየት አይችልም። ስለዚህ ትጽፋለች፣ ገለል ትላለች፣ ልጆቹ አንብበው ቀና እስኪሉ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ታስረዳለች። አቀርቅሮ የሚጽፍ ልጅ ካለ ማስረዳቷን አትጀምርም። ለጀማሪ ይህ የባከነ ደቂቃ ይመስለዋል፤ ልጆቹ የሰሌዳውን ጽሑፍ የሚይዙት ግን በዚያ ደቂቃ ነው።

ምልክት የሌለው አዲስ ቃል ሲመጣ በጣት ፊደል ይጻፋል። በእኛ የጣት ፊደል «በ» የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ «ቡ»፣ «ቢ» እያለ እስከ «ቦ» የሚዘልቀው ያው ቅርጽ በእንቅስቃሴ እየተለየ ነው። ሀሁ ቆጥሮ ላደገ ሰው ፊደል ገበታውን በእጅ ላይ ማየት ያስደንቃል።

አብዛኞቹ ልጆች የተወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። ቤት ውስጥ ከእናታቸው ጋር የሚግባቡባቸው ጥቂት ምልክቶች ይኖሯቸዋል፤ ሙሉ ቋንቋ የሚያገኙት ግን ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲገቡ ነው። የጽሑፍ አማርኛ ለእነርሱ ሁለተኛ ቋንቋ ነው። «እኔ ትናንት ገበያ መሄድ» ብሎ የጻፈን ልጅ ሰነፍ የሚል ዕጩ የልጁን ችሎታ አላየም።

ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 24 የምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራን እንዲቀጠሩ ይጠይቃል። ይሁንና ብዙዎቹ ልጆች የመጀመሪያ ክፍሎችን በልዩ ክፍል ጨርሰው ከሚሰሙት ጋር ሲቀላቀሉ የሚያገኙት መምህር ቋንቋውን የማይችል ነው። ልዩ ፍላጎት ለሚያጠኑት ብቻ ሳይሆን ሒሳብና ታሪክ ሊያስተምሩ ለሚሠለጥኑትም ይህ ምልከታ ግዴታ መሆን አለበት የምለው ለዚህ ነው። ቋንቋውን መማር ዓመታት ይወስዳል፤ ጽፎ መዞርን፣ ብርሃን ፊት ላይ እንዲያርፍ አድርጎ መቆምን፣ ልጁ ቀና እስኪል መጠበቅን ግን በማግስቱ መጀመር ይቻላል።