ሕመም የጸናባቸውን ሕፃናት በአደራ ማሳደግ

ሞሐመድ ብዚክ ከሊቢያ ወደ አሜሪካ የሄዱት እ.ኤ.አ. በ1978 ለትምህርት ነበር። በ1989 በሎስ አንጀለስ አውራጃ ከባለቤታቸው ጋር ፎስተር (የአደራ) ወላጅ ሆኑ፤ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ይቀበሉ የነበረው ግን ሐኪሞች ተስፋ የቆረጡባቸውን ልጆች ብቻ ነው። ሎስ አንጀለስ ታይምስ በ2017 ታሪካቸውን ሲያወጣ አሥር ያህል ልጆች ቀብረው ነበር፤ ማየትም መስማትም የማትችል የስድስት ዓመት ሕፃንም ያስታምሙ ነበር። አውራጃው ከሚከታተላቸው 35,000 ልጆች መካከል 600 ገደማ የሚሆኑት ልዩ የሕክምና ክትትል የሚሹ እንደነበሩ ጋዜጣው ጽፏል።

እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነበብ ሰውየውን ጻድቅ ብሎ ማለፍ ይቀናል። ስድስት መቶ ልጅ ግን በጻድቃን ብቻ አይያዝም።

ልጆቹ ቤት መኖር መቻላቸው ራሱ ታሪክ አለው። ኬቲ ቤኬት የምትባል የአይዋ ሕፃን ገና በጨቅላነቷ አንጎሏ በኢንፌክሽን ተጎድቶ በመተንፈሻ ማሽን ስትረዳ፣ ሜዲኬይድ የተባለው የመንግሥት የጤና መድን የሆስፒታሏን እንጂ የቤቷን ወጪ አይሸፍንም ነበር፤ እሷን ቤት ማስታመም ርካሽ ሆኖ ሳለ። በ1981 ፕሬዚዳንት ሬገን ጉዳዩን በአደባባይ አነሱት፤ ደንቡም ላላ። ማሽኖቹም ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

ከማሽኖቹ ጋር ሥራውም ገባ። በጉሮሮው በተከፈተ ቀዳዳ የሚተነፍስ ልጅ ራስጌ ሁለት ትርፍ ቱቦዎች አይጠፉም፤ አንዱ በልኩ፣ ሌላው አንድ ቁጥር የሚያንስ። ቱቦው ከወጣ ቀዳዳው ቶሎ ይጠባልና፣ ልኩ አልገባ ሲል ትንሹ ነፍስ ያድናል። አክታው ሌሊትም ቢሆን በመምጠጫ ይወጣል። መብራት ቢጠፋ የማሽኑ ባትሪ መሞላቱን ያላረጋገጠ አሳዳጊ ተኝቶ አያድርም።

በካሊፎርኒያ ሕግ እንዲህ ያለ ልጅ ወደ አሳዳጊው ቤት ከመምጣቱ በፊት ለእሱ ብቻ የሚሆን የጤና ዕቅድ ይዘጋጃል፤ አሳዳጊውም በጤና ባለሙያ ይሠለጥናል። ልዩ ፈቃድ ከሌለ በአንድ ቤት ከሁለት በላይ የፎስተር ልጅ አይቀመጥም። ለተጨማሪው ድካም ከፍ ያለ ወርኃዊ ክፍያ አለ፤ የሕክምናው ወጪም በአብዛኛው የሜዲኬይድ ነው።

ከሁሉ የሚያታክተው ሌላ ነው። ፎስተር ጉዲፈቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዓላማ ብዙውን ጊዜ ልጁን ወደ ወላጆቹ መመለስ ነው። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ ትንፋሹን ስትቆጥር ያደረች አሳዳጊ፣ ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝ ፊርማው የሷ አይደለም፤ የወላጅ ወይም የፍርድ ቤት ነው። ፊርማው እስኪመጣ ልጁን ይዞ መጠበቅ የሷ ድርሻ ነው።

ዕረፍትም ቀላል አይደለም። ጤነኛ ልጅ ለጎረቤት ይተዋል፤ ይህን ግን ቱቦ መቀየር የሚችል ሰው ካልሆነ ማንም አይረከበውም። የተፈቀደ የቤት ነርስ ሰዓት እያለ ነርሷ የማትገኝበት ጊዜም ብዙ ነው። በዚህ ምክንያት ፈቃድ የሚሰጡ ብዙ ድርጅቶች አመልካቹን የሚጠይቁት ስለ ርኅራኄው ብቻ አይደለም፤ እሱ ቢታመም ማን ይተካዋል የሚለውንም ነው።